የካምቢዮ ዘይት መቼ ይቀየራል?

ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ እየወረዱ ጭነት ይዘው ያንኑ ዳገት የሚወጡ መኪኖች የሞተር ዘይታቸው በየጊዜው ሲቀየር፣ የካምቢዮው ግን ብዙውን ጊዜ ይረሳል። ለአውቶማቲክ ካምቢዮ ብዙ አምራቾች ከ60,000 እስከ 100,000 ኪሎ ሜትር ባለው ርቀት እንዲቀየር ይመክራሉ፤ ይሁን እንጂ ዳገትና ጭነት ዘይቱን አሙቀው ቶሎ ስለሚያስረጁት፣ በዚህ መንገድ የሚመላለስ ሰው 40,000ን ባያሳልፍ ይሻላል ባይ ነኝ።

የካምቢዮ ዘይት መለኪያ ዘንግ ያለው መኪና ከሆነ ዘንጉን አውጥተው ጫፉን ነጭ ሶፍት ላይ ያሳርፉት፤ ደህናው ዘይት ቀላ ብሎ ጠርቶ ሲሰራጭ፣ ያረጀው ጠቁሮ የተቃጠለ ነገር ይሸታል። ማርሽ ሲቀያይር የሚዘገይ ወይም የሚመታ ከሆነም ኪሎ ሜትሩን አይጠብቁ።

የማፍሰሻው ቡሎን ተፈቶ የሚወጣው ዘይት ከፊሉ ብቻ ነው፤ የቀረው በአብዛኛው ቶርክ ኮንቨርተሩ (የሞተሩን ኃይል በዘይት አማካኝነት ወደ ካምቢዮው የሚያስተላልፈው ክፍል) ውስጥ ስለሚቆይ፣ በጣም የጠቆረ ከነበረ ጥቂት ከነዱ በኋላ መድገም ያስፈልጋል። የሚሞላውም በመኪናው መመሪያ ላይ የተጻፈው ዓይነት ይሁን፤ ሲቪቲ (ቋሚ ማርሾች የሌሉት አውቶማቲክ) ካምቢዮ የራሱ ዘይት ስላለው፣ «ቀይ ከሆነ ሁሉም አንድ ነው» የሚል ሻጭ ቢያጋጥምዎት ሌላ ሱቅ ይሂዱ።