ነርቩ የተጎዳ ጥርስ ሳይነቀል እንዴት ይታከማል? ሩት ካናል ከመጀመሪያው ቀጠሮ እስከ መጨረሻው

«ነርቩን አስገደልኩት» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ያ ሕክምና ሩት ካናል ነው፤ የተጎዳው ነርቭ ከጥርሱ ውስጥ ወጥቶ ቦታው ይጸዳና ይደፈናል። እዚህ አዳማ ብዙ ሰው ጥርሱን ሲያመው መጀመሪያ ፋርማሲ ጎራ ብሎ ማስታገሻ ይገዛል። አልሻለው ሲል ደግሞ «ይነቀልልኝ» ብሎ ሐኪም ጋ ይሄዳል። በመሀል ሌላ መንገድ እንዳለ የሚነግረው አላገኘም። እኔም አንድ መንጋጋ ጥርስ ያጣሁት ሕመሙ በለቀቀኝ ቁጥር የዳንኩ እየመሰለኝ ነው። ይህን የምጽፈውም ለዚያ ነው።

መጀመሪያ ሕመሙን ለዩ

ጥርስ ከውጭ ሲያዩት ድንጋይ ይመስላል። ውስጡ ግን ነርቭና ደም ስር ያለበት ለስላሳ ሥጋ አለ። ይህ ሥጋ በቀጫጭን ቦዮች እስከ ሥሩ ጫፍ ይወርዳል። የፊት ጥርስ አብዛኛውን ጊዜ 1 ቦይ ነው ያለው፤ መንጋጋ 3፣ አንዳንዴም 4 ይኖረዋል። መበስበሱ ወይም ስንጥቁ እዚያ ሲደርስ ሥጋው ይቆጣል። ዙሪያውን ጠንካራ ግድግዳ ስለከበበው ማበጫ ቦታ የለውም። ጭንቅላት ድረስ የሚዘልቀው ውጋት ከዚያ ይመጣል።

ቀዝቃዛ ስትጠጡ ጠቅ አድርጎ ወዲያው ከለቀቃችሁ ነርቩ ሊተርፍ ይችላል፤ ማስሞላት ብቻ ይበቃ ይሆናል። ቀዝቃዛው ካለፈ በኋላም ከቆየ፣ ምንም ሳትነኩት ከተነሳ፣ ጋደም ስትሉ ከባሰና ከእንቅልፍ ከቀሰቀሳችሁ ግን አብዛኛውን ጊዜ ነርቩ የመዳን ዕድሉ አልፏል ማለት ነው።

እኔ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ጀምሮ ቀዝቃዛ ውሃ አፌ ውስጥ እየያዝኩ ያነጋሁበት ሌሊት አለ። በ3ኛው ቀን ድንገት ለቀቀኝና ተመስገን አልኩ። ነርቩ ሞቶ ነበር። የሞተ ነርቭ ቀዝቃዛም ትኩስም አይሰማውም። በሞተው ሥጋ ውስጥ ግን ባክቴሪያ ይራባል፤ መግሉ በሥሩ ጫፍ ወደ አጥንት ይወጣል። ድዳችሁ ላይ ብጉር የመሰለች ነገር ብቅ ጥልቅ ካለች፣ ጥርሱ ባያማችሁም ታዩ።

አሞክሲሲሊን እየገዙ መዋጥም አያድነውም። መድኃኒቱ የሚጓዘው በደም ነው፤ የሞተው ነርቭ ጋ ደግሞ ደም አይደርስም። እብጠቱ ቢቀንስም ምንጩ እዚያው ነው።

አንድ ነገር ላንሳ፤ እኛ አካባቢ ይምታታል። በስምጥ ሸለቆ፣ በተለይ ወንጂ አካባቢ፣ የጉድጓድ ውሃው ፍሎራይድ ስለሚበዛበት ጥርሳቸው ቡናማ የሆነ ብዙ ሰዎች አሉ። ያ ቀለም በራሱ መበስበስ አይደለም። ካላመማችሁና ካልተቦረቦረ ሩት ካናል አያስፈልገውም።

ቀጠሮው እስኪደርስ

ፓራሲታሞል በተፈቀደው መጠን ውሰዱ። አይቡፕሮፌን ይበልጥ ሊያስታግስ ይችላል፤ ጨጓራ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበትና ነፍሰ ጡር ግን ሐኪም ሳያማክሩ አይውሰዱት። ነጭ ሽንኩርት ወይም የተፈጨ አስፕሪን ድድ ላይ አታድርጉ፤ ሥጋውን ያቃጥላል።

ፊታችሁ ወደ ዓይን ወይም ወደ አገጭ ሥር ካበጠ፣ ምራቅ መዋጥ፣ መተንፈስ ወይም አፍ መክፈት ካቃታችሁ፣ ወይም ከእብጠቱ ጋር ትኩሳት ከመጣ ቀጠሮ አትጠብቁ። በዚያው ሰዓት፣ ሌሊትም ቢሆን፣ የሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ይህ ነፍስ ያጠፋል።

ወንበሩ ላይ ስትቀመጡ

ስኳር፣ ግፊት፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት፣ የልብ ቫልቭ ችግር፣ እርግዝና፣ የፔኒሲሊን አለርጂ ካለ ሳትጠየቁ ተናገሩ። ራጅ ይነሳል፤ ሐኪሙ የሥሩን ቅርጽና በጫፉ ያለውን አጥንት የሚያየው በእሱ ነው። ሥሩ ለሁለት ከተሰነጠቀ ወይም ለመሙያ የሚሆን ጥርስ ካልተረፈ፣ መንቀሉ ትክክል የሚሆንበት ጊዜም አለ።

ቀጥሎ የማደንዘዣ መርፌ ይወጋችኋል። መርፌው ትንሽ ይቆነጥጣል፤ ከዚያ ከንፈራችሁ ይከብዳል። ክፉኛ የተቆጣ ነርቭ በአንዱ መርፌ ላይደነዝዝ ይችላል። ካመማችሁ እጃችሁን አንሡ፤ ይጨመርላችኋል። ችሎ መቀመጥ አያስፈልግም።

ብዙ ሐኪሞች የሚታከመውን ጥርስ ብቻ በቀዳዳው ብቅ የሚያደርግ ቀጭን ላስቲክ አፋችሁ ላይ ይወጥራሉ። ምራቅ ቦዩ ውስጥ እንዳይገባ፣ መሣሪያና መድኃኒትም ወደ ጉሮሮ እንዳይወርድ ይከላከላል። እንዳላቸው አስቀድማችሁ ብትጠይቁ ደግ ነው።

ከዚያ ጥርሱ ከላይ ይበሳል። ሐኪሙ ፋይል የሚባሉ ስስ መሣሪያዎችን ያነሳል። መርፌ ይመስላሉ፤ ጎናቸው ግን እንደ ሞረድ ሻካራ ነው። ከቀጫጭኖቹ አንዱ ጫፉ ላይ 0.1 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ፋይሉ ላይ ትንሽ ክብ ላስቲክ አለች፤ የቦዩ ርዝመት ከተለካ በኋላ እዚያ ልክ ላይ ትደረጋለች፤ ፋይሉ ከሥሩ ጫፍ እንዳያልፍ ትጠቁማለች። ፋይሉ ሲወጣና ሲገባ ፍቅ ፍቅ የሚል ነገር ይሰማችኋል። በየመሀሉ ቦዩ በሶዲየም ሃይፖክሎራይት ይታጠባል። በረኪና ውስጥ ያለው ኬሚካል ነው፤ ሽታው ግር አይበላችሁ። በእርግጥ ባክቴሪያውን የሚገድለው እጥበቱ ስለሆነ ሐኪሙ ጊዜ ሲወስድ አትቸኩሉበት።

መግል ካለ መድኃኒት ተቀምጦ በጊዜያዊ መሙያ ይዘጋና ሌላ ቀን ትቀጠራላችሁ። ቦዩ ንጹሕና ደረቅ ከሆነ ጉታ ፐርቻ በተባለ፣ ከዛፍ በሚገኝ ጎማ መሰል ነገር እስከ ሥሩ ጫፍ ይደፈናል። በአንድ ቀን የሚያልቅም አለ።

ስትወጡ ድንዛዜው እስኪለቅ ጥቂት ሰዓታት ይቆያል። እስከዚያ ትኩስ ቡና ይቅርባችሁ፤ ከንፈራችሁን ብትነክሱም አይታወቃችሁም። ለጥቂት ቀናት ሲነክሱበት ማመሙ ያለ ነው። እየባሰ ከሄደ ወይም ካበጠ ተመለሱ።

ሳይጨረስ እንዳይቀር

እኔ የተሳሳትኩት እዚህ ጋ ነው። ከመጀመሪያው ቀጠሮ በኋላ ሕመሙ ጥፍት አለ። ሥራ በዛብኝ፣ ገንዘቡንም ለሌላ አዋልኩት፣ 4 ወር አለፈ። አንድ ከሰዓት ቡና ላይ ቆሎ ስቆረጥም ጠሽ አለ። ጥርሱ ከላይ እስከ ሥሩ ለሁለት ተሰንጥቆ ነበር። ሐኪሙ ራጁን አሳየኝና «በጊዜው ብትመጣ ይተርፍ ነበር» አለኝ። ተነቀለ።

ጊዜያዊ መሙያ ለሳምንታት እንጂ ለወራት አይሆንም፤ ይሸረፋል፣ ባክቴሪያ ያስገባል። መበስበሱና መቦርቦሩም ጥርሱን አዳክመውታል። ስለዚህ መንጋጋ ከሆነ ዘላቂው መሙያ ብቻ አይበቃውም፤ አብዛኛውን ጊዜ ክራውን፣ ማለትም ሙሉ ጥርሱን የሚያለብስ ሽፋን፣ ያስፈልገዋል። የፊት ጥርስ ብዙ ካልተጎዳ በመሙያ ብቻ ሊቆይ ይችላል።

ዋጋ ስትጠይቁ «ሩት ካናል ስንት ነው?» ብላችሁ አታቁሙ። ራጁን፣ ዘላቂ መሙያውንና ክራውኑን ጨምሮ ጠቅላላው ስንት እንደሚመጣ፣ በስንት ቀጠሮ እንደሚያልቅ፣ ከፋፍሎ መክፈል እንደሚቻል ጠይቁ። ክራውኑ እስኪገባ በሌላኛው ወገን አላምጡ፤ ቆሎም ሸንኮራም በዚያ በኩል አይሞከርም። ከ6 ወር እስከ 1 ዓመት ባለው ጊዜ ደግሞ ባያማችሁም ሄዳችሁ ራጅ ተነሱ፤ በሥሩ ጫፍ ያለው አጥንት መሙላቱ የሚታየው ያኔ ነው።