ቴአትር ይዛችሁ ትምህርት ቤት ለትምህርት ቤት የምትዞሩ፣ እባካችሁ እነዚህን ተዉ

ወጣቶች ቡድን ይመሠርቱና ይመጣሉ። «ጋሼ፣ ለተማሪዎች አዲስ ቴአትር ጽፈናል፤ ወደ ክልል ልንወጣ ነው፤ እስቲ ይዩልን» ይሉኛል። ደስ ብሎኝ አያለሁ። መጨረሻው ላይ ግን ያው የፈራሁት ይመጣል።

ዋናው ተዋናይ ከታሪኩ ይወጣና ወደፊት ራመድ ይላል። እጁን ዘርግቶ «እንግዲህ ልጆች፣ ከዚህ ምን እንማራለን?» ይላል። የኔ ወንድም፣ ምንም አንማርም! ተማሪው እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ገንዘብ ከሰረቀችው ልጅ ጋር አብሮ ሲጨነቅ ነበር። ትያዝ ይሆን? ለእናቷ ምን ትላት ይሆን? አንተ ብቅ ብለህ «ስርቆት መጥፎ ነው» ስትለው ጭንቀቱ ሁሉ ውኃ በላው። መጥፎ መሆኑንማ ገና ሳትመጣ ያውቃል። ጠዋት ሰልፍ ላይ ተነግሮታል፣ ክፍል ውስጥ ተነግሮታል፣ ቤት ሲገባም ይነገረዋል። ያልተነገረው፣ ጥሩ ልጅ እንዴት እንደምትሰርቅ ነው። ያንን ልታሳየው ነበር የመጣኸው።

አውቃለሁ፣ ገንዘቡ ብዙ ጊዜ ከእርዳታ ድርጅት ነው። ውሉ ላይ ያለዕድሜ ጋብቻ፣ ስደት፣ ኤች አይ ቪ ተብሎ ተጽፏል። «መልእክቱ የታለ?» የሚል አስተባባሪም አይጠፋም። እሺ፣ ርዕሱን ተቀበሉ። ግን መልእክቱን በአንድ ሰው አፍ አታስነግሩ። ወደ ወሎ ሊወጣ የተዘጋጀ አንድ ቡድን ስለ ዓረብ አገር ጉዞ የሠራውን አይቻለሁ። ደላላው ጥቁር መነጽር አድርጎ፣ ሲጋራ ይዞ፣ እየገለፈጠ ይገባል። ይሄን ሰውዬ ወሎ ውስጥ ማን አምኖት ልጁን ይሰጣል? እዚያ የሚያውቁት ደላላ ዘመድ ነው። ለቅሶ ይደርሳል። እናትየዋን «እህቴ» እያለ ነው የሚጠራት። ይሄን ብንላቸው ጊዜ ትዕይንቱን እንደገና ጻፉት። ደላላው ትሑት ሆነ፤ እናትየው ቡና አፈላችለት፤ እሱም የጀበናውን ክዳን እያነሳ ከፈላ ያይላታል። ማንም ምክር አልተናገረም። ሲታይ፣ ከተመልካች መሐል አንዲት ተማሪ «አትሂጂ!» ብላ ጮኸች። አስተባባሪው ከዚህ ሌላ ምን መልእክት ይፈልጋል?

ሌላው የሚያናድደኝ በገጠሬ ማላገጥ ነው። ጋቢውን ተከናንቦ፣ አፉን ከፍቶ ፎቅ የሚቆጥር ሰውዬ አዲስ አበባ ላይ ሳቅ ያመጣ ይሆናል። ያንኑ ይዛችሁ ደብረ ታቦር ስትወጡ የምትቀልዱት በልጆቹ አባት ነው። ሳቁ ሲጠፋ ደግሞ «ተመልካቹ አልገባውም» ትላላችሁ። በደንብ ገብቶታል እንጂ።

ቋንቋም እንደዚያው። ከ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ወዲህ አንደኛ ደረጃ ተማሪ የሚማረው በየአፍ መፍቻ ቋንቋው ነው። ወላይታ ሶዶ ወይም ነቀምቴ ሄዳችሁ፣ በአራዳ አማርኛ የተጻፈ ቀልድ ትንንሾቹን ያስቃል ብላችሁ አትጠብቁ። መክፈቻውን በእንቅስቃሴ ብቻ ሥሩት። ተራኪውን ከትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ክበብ ውሰዱ። አንድ ቀን ቀድማችሁ ከደረሳችሁ፣ በራሱ ቋንቋ ከእናንተ አሳምሮ ይሠራዋል።

እንስሳ መሆን ብቻውን የልጆች ቴአትር አያደርገውም። የመጀመሪያው ዘመናዊ የአማርኛ ተውኔት የሚባለው የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» ገጸ ባሕርያቱ እንስሳት ናቸው። የተጻፈው ግን የሹማምንቱን አሠራር ለመተቸት ነበር። ንግሥት ዘውዲቱም የልጆች ጨዋታ ነው ብለው አላለፉትም፤ አሳገዱት። እናንተም ጅብ ይዛችሁ ዘጠነኛ ክፍል ፊት ስትቆሙ፣ ተማሪው ወዲያው ጅቡ ማን እንደሆነ ይገምታል። ብዙ ጊዜ ርዕሰ መምህሩ ነው የሚሆነው። ቀድማችሁ አስቡበት።

ጢማም ሰው ድምፁን አቅጥኖ ሕፃን አይሁን። በቃ።

የመጀመሪያ ደረጃና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ አንድ ላይ አይቀመጥ። ርዕሰ መምህሩ «ሁሉም ይይ» ይላል፤ እምቢ በሉ።

ጊዜ ላይ ደግሞ ተጠንቀቁ። አንድ ክፍለ ጊዜ ከ40 እስከ 45 ደቂቃ ነው። ከዚያ ላይ ተማሪ ከክፍል ወጥቶ እስኪቀመጥ የሚሄደውን ቀንሱ። በፈረቃ በሚያስተምር ትምህርት ቤት ካለፋችሁ የከሰዓቶቹ በሩን ሞልተው ይጮኻሉ፤ የጠዋቶቹ ታክሲያቸውን ያስባሉ። የአንድ ሰዓት ተኩል ድርሰታችሁን ለአዳራሽ አቆዩት።

አለንጋ የያዘውን ዩኒት ሊደር፣ የተማሪውን ሥነ ሥርዓት የሚቆጣጠረውን ማለቴ ነው፣ ዝም ብላችሁ አትለፉት። ጸጥታ ላስከብር ብሎ በተማሪው መሐል ይንጎራደዳል። ልጆቹን እዩአቸው፤ ሳቅ ሲመጣባቸው አፋቸውን በእጃቸው ይዘው መጀመሪያ የሱን ፊት ያያሉ። እሱ ሳይስቅ አይስቁም። ከዚያ ተዋናዩ «ቀዘቀዙብኝ» ብሎ መጮኽ ይጀምራል፤ ነገሩ ይብሳል። ሳትጀምሩ መምህራኑን ሰብስባችሁ አነጋግሩ። ልጆቹ ይሥቃሉ፣ ይጮኻሉ፣ ያ የሥራው አካል ነው በሏቸው። ዩኒት ሊደሩን «ጋሼ» ብላችሁ ከፊት ወንበር ስጡት። አለንጋውን ለአንድ ትዕይንት ብትዋሱትማ እሰየው።

መብራት አለ ብላችሁ የብርሃን ለውጥ ላይ የተንጠለጠለ ትዕይንት አትጻፉ። ግቢ ውስጥ ስትጫወቱ ፀሐይ ከተማሪው ጀርባ ትሁን። የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤቱን ደብዳቤ ማኅተም ሳታዩ መኪና አትከራዩ። በልግ ባለበት አካባቢ ሚያዝያ ላይ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ከሱ ጋር በጩኸት አትፎካከሩ። ባላችሁበት ቁሙ፤ ሲያባራ ትቀጥላላችሁ።

እቃ ለመጫንም አትጣደፉ። ስትጫወቱ ከቡድኑ አንድ ሰው መድረኩን ትቶ ተማሪውን ብቻ ሲያይ ይዋል፤ ማን የት ጋ ጓደኛውን መጎንተል እንደጀመረ ይጻፍ። ማታ ከድርሰቱ የሚቆረጠው እዚያ ጋ ያለው ገጽ ነው፤ ደራሲው ቢያኮርፍም።