ቅጥቅጡን ለማየት ከበሩ ጀምሩ

ሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ ላይ ሽሮ በልታችሁ ወደ ሰሜን ብትወጡ፣ አንድ ማይል ሳይሞላ ዊልሸር ጥግ ፒተርሰን የሚባል የመኪና ሙዚየም አለ። እንግዳ ሲመጣብኝ ከምሳ በኋላ የምወስደው እዚያ ነው። እንግዳዬ ፎቶ እያነሳ ሦስተኛው አዳራሽ ሲደርስ እኔ ገና አንዱ መኪና በር ሥር ጎንበስ ብያለሁ። «ምኑን ነው እንዲህ የምታየው?» ይሉኛል። ይኸው ልንገራችሁ።

እኔ ባትላሜራ ነኝ፤ የመኪና ቆርቆሮ ቀጥቃጭ። መዶሻ መያዝ የተማርኩት አዲስ አበባ ነው፤ አሁን እዚህ የድሮ መኪና የሚያድስ ጋራዥ ውስጥ እሠራለሁ። የማወራው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት በእጅ ስለተሠሩና ጣሪያቸው ስለሚታጠፍ መኪኖች ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

እኛ አገር የአይሱዙ ሻንሲ፣ ማለትም ሞተርና ጎማ የሚሸከመው የብረት መሠረት፣ ይመጣና ቦዲው እዚያው ተቀጥቅጦ ይሠራለታል። «ቅጥቅጥ» የምንለው ለዚህ ነው። እነዚህ የሚሊዮን ዶላር መኪኖችም ቅጥቅጥ ናቸው፤ ፈረንጅ ሲጠራው ብቻ ነው የሚከብደው። የአሜሪካው መኪና ሠሪ ዱዘንበርግ በ1928 ሞዴል ጄ የሚባለውን መኪና ሲያወጣ ባዶ ሻንሲውን ከነሞተሩ በ8,500 ዶላር ይሸጥ ነበር። ቦዲው ሌላ ሂሳብ ነው። ገዢው ቦዲ ሠሪ መርጦ ያሠራል። እዚሁ አጠገባችን ፓሳዴና የነበረው መርፊ ለሞዴል ጄ ከማንም በላይ ቦዲ ሠርቷል፤ በ1932 ተዘጋ። ፈረንሳይ ደግሞ ዴላሄ፣ ቡጋቲና ታልቦ ሻንሲ ያቀርባሉ፤ ሻፕሮን፣ ሳውቺክ፣ ጋንግሎፍ፣ ፊጎኒ ኤ ፋላስኪ ያለብሱታል። ሻንሲና ቦዲ ተጋቡ ማለት ነው። የእኔ ጥያቄ አንድ ናት፦ መቼ ተጋቡ?

ጥያቄዋ ያለ ነገር አልመጣችም። ዛሬ ክፍቱ መኪና ከዝጉ እጅግ ይወደዳል። በዚህ የተነሳ ብዙ ዝግ መኪና ቦዲው ተነስቶ፣ በዚያው ሻንሲ ላይ አዲስ ክፍት ቦዲ ተቀጥቅጦለታል። ሥራው ቆንጆ ሊሆን ይችላል። እኔም እንጀራዬን በልቼበታለሁ። ግን የ1930ዎቹ ነው ብሎ መሸጥ ሌላ ነገር ነው።

ስለዚህ ቀለሙን ተዉት። ቀለሙ አዲስ ነው፣ ክሮሙ አዲስ ነው፣ ቆዳውም እንዲሁ። እሱን ስታደንቁ የምታደንቁት የባለቤቱን ገንዘብ ነው። ቀጥታ ወደ በሩ ሂዱ።

ዝግ መኪና ላይ ጣሪያው ቦዲውን ከላይ አቅፎ ይይዘዋል። ጣሪያው ጨርቅ ሲሆን ግን ቦዲው የሚደገፈው ከታች ብቻ ነው፤ በሻንሲውና ከበሩ ሥር በሚያልፈው ረጅም እንጨት። አዎ፣ እንጨት። ከቆርቆሮው ሥር ያለው አጽም አብዛኛውን ጊዜ አሽ ከሚባል ዛፍ ነው፤ ጠንካራ ሆኖ መጎበጥ የማይጠላ እንጨት። በላዩ አልሙኒየም ወይም ስስ ብረት ይለብስና ጠርዙ ታጥፎ በትንንሽ ሚስማር ይመታል። ውሃ ሲገባ ታችኛው እንጨት ቀድሞ ይበሰብሳል። እሱ ሲላላ ቦዲው መሃል ላይ ይሰምጣል። ያኔ በበሩ ጠርዝ ያለው ክፍተት ከላይ ይጠብባል፣ ከታች ይሰፋል።

ጎንበስ ብላችሁ ያንን መስመር ከላይ እስከ ታች በዓይናችሁ ተከተሉት። ሙዚየም ውስጥ ከዚህ በላይ ማድረግ አትችሉም። ባለቤቱ አጠገቡ ከቆመ ግን በሩን አንድ ስንዝር እንዲከፍት ጠይቁት። ከዚያ ከሥሩ ይዞ ቀስ ብሎ ወደ ላይ ያንሳው። እሱ ራሱ ያንሳው፤ እናንተ እጃችሁን ወደ ኋላ አድርጉ። የሚነቃነቀው ማጠፊያው ውስጥ ያለው ፒን ከሆነ ግድ የለም፤ ፒኑ ነው የተበላው፣ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ማጠፊያው እንዳለ፣ ከታሰረበት ምሰሶ ጋር አብሮ ከፍ ዝቅ ካለ ግን ውስጡ ያለው እንጨት ዱቄት ሆኗል። ቆርቆሮው ሳይገፈፍ አይጠገንም። የወራት ሥራ ነው። እንዲህ ያለ በር ያየሁ ቀን ባለቤቱን ዞር ብዬ ማየት ያሳፍረኛል፤ ብዙ ጊዜ አያውቅም።

እግረ መንገዳችሁን ግራና ቀኝ በሮችን አነጻጽሩ። ልክ እኩል ካልሆኑ አትደንግጡ። የእጅ ሥራ ነው፣ ትንሽ መለያየት ያለ ነው። እንዲያውም ሁለቱ ወገን በመስታወት የተገለበጡ ያህል ከተመሳሰሉ እኔ እጠራጠራለሁ።

በሩ ከተከፈተ ብሎኖቹን እዩ። ይቺን ትምህርት በውድ ነው የገዛኋት። አንድ ጊዜ የ1937 ፈረንሳይ ሥራ ነው የተባለ ክፍት መኪና ጋራዣችን መጣ። ደፉ ላይ የቦዲ ሠሪው የናስ ሰሌዳ በደንብ ተወልውሎ ያበራል። ባለቤቱ «ምን ትላለህ?» አለኝ። እኔም ሰሌዳውን አይቼ «ኦሪጅናል ነው» አልኩ። ደስ አለው። በሳምንቱ የቀኙን በር የውስጥ ልባስ ሳወልቅ፣ ከሥሩ ያሉት ብሎኖች በሙሉ መስቀል ያላቸው ናቸው። እንጨቱም አሽ አይደለም፤ የተጣበቀ ኮምፔንሳቶ። ካቻቢቴዬን ይዤ ደርቄ ቀረሁ። መስቀለኛው ብሎን አሜሪካ ውስጥ በ1930ዎቹ አጋማሽ የመጣ ነገር ነው፤ ካዲላክ ነው ቀድሞ የተጠቀመበት። የፓሪስ ቦዲ ሠሪ ያን ጊዜ የሚያስረው አንድ መስመር ባለው ብሎን ነው። አንድ ሁለት መስቀለኛ ብታገኙ የኋላ ጥገና ሊሆን ይችላል። በሩ በሙሉ ከሆነ ግን በሩ የተሠራው ዘግይቶ ነው። ለባለቤቱ የነገርኩት እኔው ነኝ። ቡና እየጠጣ ነበር፤ ሲኒውን አስቀመጠና ለብዙ ደቂቃ አልተናገረም።

ከዚያ ወዲህ ሰሌዳ አላምንም። ሰሌዳ ማሠራት ቀላል ነው። የማምነው የተደበቀ ቁጥር ነው። ሠራተኛው ብዙ ቦዲ ጎን ለጎን ስለሚሠራና የአንዱ በር ለሌላው ስለማይገጥም፣ እንዳይቀላቀልበት ክፍሎቹ ላይ የሥራ ቁጥር ይመታል ወይም በእርሳስ ይጽፋል። ቁጥሩ መቀመጫው ሥር፣ ማጠፊያው ጀርባ፣ የጣሪያው ቅስት እንጨት ላይ ይገኛል። በሦስት ቦታ አንድ ቁጥር ካገኛችሁ ደስ ይበላችሁ። ፍለጋው ላይ አፍንጫም ይረዳል። ያልተነካ መቀመጫ ሲነሳ የአሮጌ እንጨትና የፈረስ ፀጉር ሽታ ይወጣል፤ መሙያው ፈረስ ፀጉር ስለነበር። ስቱኮ የሚሸት ከሆነ ግን ባትሪ አብሩ።

ወደ ጣሪያው እንሂድ። መስኮቱ በእጀታ የሚወጣና የሚወርድ፣ ጣሪያው ወፍራም ሆኖ ከውስጥ የተለበደ ከሆነ እንግሊዞች ድሮፕሄድ የሚሉት ነው። የሚወጣ መስታወት ከሌለው ሮድስተር ነው፤ ዝናብ ሲመጣ የሚለጠፍ መጋረጃ ብቻ አለው። የጀርመኖቹ ጣሪያ ሲታጠፍ ከኋላ እንደ ታዘለ ሕፃን ይቆለላል። መርፊ ደግሞ ሙሉ በሙሉ በብረት ክዳን ሥር የሚሰወር ይሠራ ነበር፤ እኔ የምወደው ይሄንን ነው። ዋናው ነገር፣ ከቻላችሁ ጣሪያው ሲዘጋ እዩት። ባለቤቶች አይወዱም፤ ፎቶ ላይ የሚያምረው ተከፍቶ ስለሆነ። ዘግይቶ የተሠራ ቦዲ ብዙውን ጊዜ የሚጋለጠው እዚህ ነው። ታጥፎ ያምራል፣ ሲዘጋ ግን ከመስኮቱ ጋር አይገናኝም፤ ሠሪው እንደሚዘጋ አላሰበማ።

ሁለት ትንንሽ ነገሮች። መሪው በቀኝ ስለሆነ «እንግሊዝ ነው» አትበሉ፤ የዚያን ዘመን ምርጥ የፈረንሳይ መኪኖችም መሪያቸው በቀኝ ነው። መርሴዲስ ላይ «ካብሪዮሌት ኤ» የሚል ካያችሁ ባለ ሁለት መቀመጫ ነው፤ «ቢ» አራት መቀመጫ ሆኖ ከኋላ የጎን መስኮት አለው፤ «ሲ» አራት መቀመጫ ነው፣ ያ መስኮት የለውም።

ቦዲ ተቀየረ ማለት ግን ሁልጊዜ ማታለል አይደለም። ለዚህ ነው «መቼ» የምለው። ፒተርሰን ያለው በሮቹ ክብ የሆኑት ሮልስ ሮይስ ፋንተም 1 የ1925 ሻንሲ ነው። መጀመሪያ የእንግሊዙ ቦዲ ሠሪ ሁፐር ክፍት ቦዲ ሠራለት። በ1934 ቤልጂየም ውስጥ ዮንክሄር ያንን አስወግዶ ዛሬ የምናየውን ዝግ ቦዲ አለበሰው። ክፍቱ ወደ ዝግ የሄደበት፣ ዛሬ ከሚደረገው ተቃራኒ ነው! በዘመኑ የተደረገ ስለሆነ ማንም ሐሰተኛ አይለውም። ለንጽጽር ደግሞ የሙዚየሙን የ1939 ቡጋቲ 57ሲ ፈልጉ። ቫንቮረን ነው የሠራው፤ የፈረንሳይ መንግሥት በኋላ የኢራን ሻህ ለሆነው ልዑል ለሠርጉ የሰጠው ነው። የፊት መስታወቱ ወደ ታች ይሰምጣል። እዚያ ቆማችሁ መስታወቱ የሚገባበትን ቀጭን ክፍተት እዩ፤ ያንን በመዶሻ ያወጣ ሰው እጁ ይባረክ።

መኪኖቹን ሲሄዱ ማየት ከፈለጋችሁ ኦገስት አጋማሽ ላይ እዚሁ ካሊፎርኒያ ወደ ሰሜን፣ ወደ ሞንተሬ ውጡ። ፔብል ቢች የሚባለው የመኪና ቁንጅና ውድድር እሑድ ነው፤ ቲኬቱ ኪስ ይጎዳል። ነገር ግን በዚያው ሳምንት ሐሙስ ተወዳዳሪዎቹ በሕዝብ መንገድ ይነዳሉ፣ መንገድ ዳር ቆሞ ማየት በነፃ ነው። ወንበርና ጃኬት ያዙ፣ ባሕሩ ዳር ጠዋት ይበርዳል። አስፋልቱ የተሰነጠቀበት ቦታ ፈልጋችሁ ቁሙ። መኪናው ስንጥቁን ሲያልፍ ሁሉም ሰው የሚያየው አፍንጫውን ነው። እናንተ በሩን እዩት።