መጠይቅ ከመበተናችሁ በፊት ቅዳሜ ገበያ ሂዱ

ጎንደር ውስጥ በሰዎች ተግባቦት ላይ የመመረቂያ ጽሑፍ ለምትሠሩ አንድ ነገር ልንገራችሁ። መጠይቅ ለመበተን አትቸኩሉ። ሰው «ከደንበኛ ጋር እንዴት ትነጋገራለህ?» ሲባል የሚመልሰው መሆን አለበት ብሎ የሚያስበውን ነው። የሚያደርገው ሌላ ሊሆን ይችላል።

መጀመሪያ ቅዳሜ ገበያ ውረዱ። ሻጭና ገዢን አስፈቅዳችሁ አንድ የዋጋ ክርክር በስልክ ቅረጹ። አምስት ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ ቃል በቃል ጻፉት፤ ሳቁን፣ «እህ» ማለቱን፣ አንዱ ሌላውን ያቋረጠበትን ሳይቀር። ዝምታውንም እስከ ሰከንድ አንድ አስረኛ ድረስ ለክታችሁ በቅንፍ አስቀምጡ። ይህን አጻጻፍ ያዳበረችው የንግግር ተመራማሪዋ ጌይል ጄፈርሰን ናት። እሷና የሥራ ባልደረቦቿ ሃርቬይ ሳክስና ኢማኑኤል ሼግሎፍ እ.ኤ.አ. በ1974 ሰዎች በወሬ መሀል ተራ እንዴት እንደሚቀባበሉ ያሳዩት ከእንዲህ ያለ ቅጂ ተነስተው ነው።

ሥራው ያደክማል፣ እውነቴን ነው። ግን ሻጩ «በቃ ውሰጂው» ከማለቱ በፊት ዝም ያለባትን አንዲት ሰከንድ የትኛውም መጠይቅ አይሰጣችሁም።

የመጠይቁን ጥያቄዎች ከዚሁ ቅጂ አውጡ። አራዳና አዘዞ ላሉ ጥቂት ሰዎች ሞክሩትና ግር ያላቸውን ጥያቄ ቀይሩ።