አኜስ ቫርዳን ስናነሳ ባንሳሳት ጥሩ ነው

የፈረንሳይ ሲኒማ ወሬ በተነሳ ቁጥር መጀመሪያ የሚጠሩት ዳይሬክተሮቹ ጎዳርና ትሩፎ ናቸው። ዳይሬክተሯ አኜስ ቫርዳ ከመጣችም «አዎ፣ እሷም አለች» ተብላ ነው። እኔም ድሮ እንደዚያው ነበር የማወራው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ትልቁ ስህተት እሷን የ«አዲሱ ሞገድ»፣ ማለትም የእነ ጎዳርና ትሩፎ የፊልም እንቅስቃሴ፣ ተከታይ ማድረግ ነው። የመጀመሪያ ፊልሟን «ላ ፖዋንት ኩርት»ን የቀረፀችው በ1954 ነው። ቦታው ሴት የምትባል የወደብ ከተማ ናት፤ ስሟ ነው፣ ቀልድ አይደለም። የትሩፎ የመጀመሪያ ረጅም ፊልም የወጣው በ1959፣ የጎዳር ደግሞ በ1960 ነው። ታዲያ ማን ማንን ተከተለ?

ፊልም ተምራ የመጣች የሚመስላቸውም አሉ። የቲያትር ፎቶ አንሺ ነበረች። ያኔ ፊልም እንኳ ብዙ አላየችም። የዳይሬክተሩ የዣክ ዴሚ ሚስት መሆኗም እውነት ነው፤ ግን ሲጋቡ እሷ ስም ያላት ዳይሬክተር ነበረች።

«ክሌዮ ከ5 እስከ 7»ን የሚያይ ሰው ደግሞ ታሪኩ መቼ ነው የሚጀምረው ይላል። አይጠብቅ። አንዲት ዘፋኝ የሕክምና ውጤቷን እየጠበቀች ፓሪስን ትዞራለች፣ በቃ። ርዕሱ ሁለት ሰዓት ቢልም ፊልሙ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። በእኛ ሰዓት ከ11 እስከ 12 ተኩል መሆኑ ነው።

እኔን ከሁሉ የሚያናድደኝ ዘጋቢ ፊልሞቿን እንደ ትርፍ ሥራ መቁጠር ነው። በ1970ዎቹ ልጇ ገና ሕፃን ስለነበር ከቤት መራቅ አልቻለችም። ምን አደረገች? ከራሷ ቤት የኤሌክትሪክ ገመድ ዘረጋች። ገመዱ እስከሚደርስበት ድረስ የሰፈሯን ዳቦ ጋጋሪ፣ ሥጋ ሻጭና ልብስ ሰፊ ቀረፀች። የምትኖርበት የዳገር መንገድ ባለሱቆች ፊልም እንዲህ ተወለደ።

በ2000 ያወጣችው ፊልም ደግሞ ስለ ቃራሚዎች ነው። የእኛ ሰው ቃርሚያን ከመጽሐፈ ሩት ያውቀዋል፤ ከአጫጆች ኋላ የወደቀውን መልቀም። ቫርዳ ትንሽ ዲጂታል ካሜራ ይዛ በየማሳው ዞረች። ከልክ በላይ ትልቅ ወይም ቅርፁ የተበላሸ ድንች ገበያ ስለማይፈልገው ሜዳ ላይ ይደፋል። ሰዎች ይለቅሙታል። እሷ ልብ የሚመስሉትን መርጣ ቤቷ ወሰደች፤ ሲሸበሸቡና ሲያቆጠቁጡም ቀረፀቻቸው። በአንድ እጇ ካሜራውን ይዛ ሌላውን፣ ያረጀውን እጇን ቀረፀች። ያኔ ሰባ አልፏታል። ይህን «ትርፍ ሥራ» የሚል ሰው ፊልሙን አላየውም ማለት ነው።

ሌላው ባለሁለት ቀለም ፀጉሯን አይቶ «ደስ የምትል አሮጊት» ብሎ ማለፍ ነው። ጥፋቱ በከፊል የራሷ ነው፤ በ2003 በቬኒስ የሥነ ጥበብ ዐውደ ርዕይ ላይ ድንች መስላ ለብሳ ታይታለች፣ በ2018 ለኦስካር ዕጩዎች የምሳ ግብዣ በራሷ ፋንታ የካርቶን ምስሏን ልካለች። ያቺው ሴት ግን በ1985 የቬኒስ ፊልም ፌስቲቫልን ከፍተኛ ሽልማት፣ ወርቃማውን አንበሳ፣ ያሸነፈው ፊልም ባለቤት ናት። የሚጀምረው ቦይ ውስጥ በብርድ ደርቃ በተገኘች ወጣት አስከሬን ነው። ስሟ ሞና ነው። በመንገድ ያገኟት ሰዎች ተራ በተራ ስለ እሷ ያወራሉ፣ የሁሉም ወሬ ይለያያል። ሞና አታመሰግንም፣ አትለማመጥም። የቡትስ ጫማዋ ዚፕ ተበላሽቶ እየተንጠለጠለ ትሄዳለች፤ ካሜራው ጎን ለጎን ይከተላትና ከአንድ አጥር ጋ ሲደርስ ትቷት ይቆማል።