ዳንቴል ይዘን ስንሰባሰብ የምንሠራቸው ስህተቶች

ቅዳሜ ከሰዓት አራት ኪሎ እኔ ቤት እንሰባሰባለን። አንዳንዴ አምስት፣ አንዳንዴ ስምንት እንሆናለን። ዳንቴል የምትሠራ አለች፣ ጥልፍ የምትጠልፍ አለች፣ ለልጇ ሹራብ የጀመረችም አለች። ቡና ይፈላል። ከአቦል እስከ በረካ የማይነሳ ጉዳይ የለም፤ የቤት ኪራይ፣ የልጅ ፈተና፣ የአማት ነገር። በእነዚህ ዓመታት ብዙ ስህተት አይቻለሁ። አብዛኛውን እኔም ሠርቼዋለሁ። ሰሞኑን አንዱ እንደገና ሲደገም ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

እሱም ስህተት አይቶ ዝም ማለት ነው።

በቅርቡ ወደ እኛ የመጣች አንዲት ልጅ ክብ የጠረጴዛ ልብስ ጀመረች። ነጭ ክር፣ ቀጭን ኪሮሽ፣ ደስ የሚል እጅ አላት። አምስተኛው ዙር ላይ ጫፉ መሸብሸብ ጀመረ። እጅ ላይ ሲሆን ብዙም አይታይም፤ ሲዘረጋ ግን እንደ ጎመን ቅጠል ይሆናል። ሁላችንም አየነው። አንዷ እኔን አየችኝ፣ እኔም እሷን አየኋት። ማንም ትንፍሽ አላለም። ልጅቷ ፊቷ በርቶ ነበር የምትሠራው፤ ደስታዋን ማደፍረስ ከበደን። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሠላሳኛው ዙር ላይ አድርሳ መጣች። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው፤ አልተኛም። በመዳፏ አንዴ ከዚህ፣ አንዴ ከዚያ ዳበሰችው። በአንዱ በኩል ስትጫነው በሌላው በኩል ይነሳል። «ካውያ ቢነካው ይተኛ ይሆን?» አለች። ይሄኔ ነው ከመካከላችን አንዷ «እኔማ ገና ስትጀምሪው አይቼው ነበር» ያለችው።

አይታ ከነበረ ለምን አልነገረቻትም? እኔስ ለምን አልነገርኳትም? ይሉኝታ ነው እንላለን። ያ ይሉኝታ የጠቀመው እኛን እንጂ እሷን አይደለም። አምስተኛው ዙር ላይ ብንነግራት የምትተረትረው የአንድ ሰዓት ሥራ ነበር። የተረተረችው ግን ልጆቿን አስተኝታ፣ ዓይኗ እየተጨናበሰ የሠራችውን የሦስት ሳምንት ማታ ነው። ያን ቀን ቡናው አልጣመኝም።

መንገር ደግሞ ከባድ አይደለም። «እስቲ ዘርጊውና አብረን እንየው» ማለት ይበቃል። ሲዘረጋ ራሷ ታየዋለች። በሰው ፊት አይሁን፣ ቶሎ ይሁን፣ መፍትሔውም አብሮ ይነገር። የክብ ሥራ መፍትሔው ቆጠራ ነው። በአጭር ስፌት የሚሠራ ክብ በየዙሩ ወደ 6 የስፌት ጭማሪ ይፈልጋል፤ ክሩ ኪሮሹ ላይ አንዴ ተጠምጥሞ በሚሠራው በረጅም ስፌት ደግሞ ወደ 12። ጭማሪው ሲበዛ ይሸበሸባል፣ ሲያንስ እንደ ቆብ ይጎብጣል። ስለዚህ በየሦስትና በየአራት ዙሩ ጠረጴዛ ላይ አስተኝቶ ማየት ነው። እንደ ቆብ የሚጎብጠውን ትንሽ ከሆነ እርጥብ አድርጎ በመርፌ ወጥሮ ማድረቅ ያስተካክለዋል። የተሸበሸበውን ግን ካውያም ስታርችም አያድነውም።

እኔን ያስተማሩኝ የድሮ ጎረቤታችን ናቸው፤ እማማ ነው የምንላቸው። ገና የመጀመሪያ ሥራዬን እንዳሳየኋቸው መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝና «ልጄ፣ ይሄ አይሆንሽም፤ ተርትሪው» አሉኝ። አላስቀየሙኝም። ምክንያቱም እኔ ስተረትር እሳቸው አጠገቤ ቁጭ ብለው ክሩን እየተቀበሉ ጠቀለሉልኝ። እስከ መጨረሻው አልተነሱም። ዛሬ ለሰው «ተርትሪው» ካልኩ ክሩን የምጠቀልለው እኔ ነኝ።

ሁለተኛው ስህተት የዝምታው ተቃራኒ ነው፤ «አምጪው እስቲ» ብሎ ከጀማሪ እጅ መንጠቅ። ሥራው በሁለት ደቂቃ ይስተካከላል፣ ልጅቷ ግን ምንም አላየችም። በእህቴ ልጅ ላይ ይህን ደጋግሜ አድርጌዋለሁ። አንድ ቀን ኪሮሹን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ «አንቺ ጨርሽው» አለችኝና ወጣች። ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ሙሉ አልነካችውም። አሁንም ሳስበው ይቆጨኛል። ዛሬ የራሴን ኪሮሽና ክር ይዤ አጠገቧ እቀመጣለሁ፤ ያንኑ ስፌት ቀስ ብዬ እሠራለሁ፣ እሷ በራሷ እጅ ትከተለኛለች። ተማሪዋ ግራኝ ከሆነች ፊት ለፊት ተቀመጡ። እንደ መስታወት እያየች ትሠራለች።

ለጀማሪ ቀጭን ክር አትስጡ። የዳንቴል ክር ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ይቀጥናል፤ 40 ቁጥር ከ10 ቁጥር በጣም ይቀጥናል። ወፈር ያለ፣ ፈዘዝ ያለ ቀለም ያለው ክር ስጧት፤ ቀዳዳው ይታያታል። ጥቁር ክር ለማታ መብራት ለማንም አይሆንም።

ክር ቆጥቦ መግዛት ብዙ ሰው አስለቅሷል። መርካቶ ድር ተራ ወርደው፣ ተከራክረው፣ «ለጊዜው ይሄ ይበቃኛል፣ ካነሰኝ እመለሳለሁ» ብለው ይመጣሉ። ክሩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ሁለት ቁጥር አለው፤ አንዱ የቀለሙ ነው፣ ሌላው ክሩ በየትኛው ዙር እንደተነከረ የሚናገር ነው። ብዙዎቻችን የምናየው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። እኔ የሶፋ ልብስ በክሬም ቀለም ጀምሬ ሁለት ቁራጭ ሲቀረኝ ክሩ አለቀ። ያንኑ ሱቅ፣ ያንኑ የቀለም ቁጥር አግኝቼ ደስ ብሎኝ ተመለስኩ። ማታ በአምፖል ሳየው አንድ ነው። ጠዋት መጋረጃውን ስገልጥ ሁለቱ ቁራጮች ቢጫ ቢጫ ይላሉ። ያን ሶፋ ለዓመታት ያን ጎኑን ወደ ግድግዳ አዙሬ ነው የተቀመጥኩበት። ስለዚህ ከሚያስፈልጋችሁ አንድ ጥቅል ጨምራችሁ ግዙ፤ የተረፈው ለጓደኛ ይሆናል። የግድ ሁለት ዓይነት ክር መቀላቀል ካለባችሁ አንዱን ዙር ከአሮጌው፣ አንዱን ዙር ከአዲሱ እያፈራረቃችሁ ሥሩ፤ ልዩነቱ ይደበዝዛል።

የጥልፍ ክር ደግሞ ስድስት ዘለላ ነው፤ ስድስቱንም በአንዴ መርፌ ውስጥ አትክተቱ። ለስስ ጨርቅ ሁለት ወይም ሦስት ይበቃል። ርዝመቱም ከግማሽ ሜትር አይብለጥ፤ ረጅም ክር ይቋጠራል፣ ይበጠሳል፣ ያበሳጫል። ቀይ ክር ነጭ ጨርቅ ላይ ከመጥለፋችሁ በፊት አርጥባችሁ ነጭ ሶፍት ላይ ጫን አድርጉት። ቀለሙ ከወጣ ያ ክር ለነጭ አይሆንም።

የሰው ኪሮሽ ተውሶ አለመመለስ። ኪሮሽ እጅ ይለምዳል፤ ዋጋው አይደለም ጉዳዩ።

መርፌ ሶፋ ላይ መሰካት። ቤቱ ውስጥ የሚድህ ልጅ አለ። ከመነሳታችሁ በፊት መርፌያችሁን ቁጠሩ።

«ይሄን ስንት ትሸጪዋለሽ?» ይህን ጥያቄ ለእናቷ ዓመት በዓል ስጦታ ለምትሠራ ሴት አትጠይቋት።

ስልክ አውጥቶ መቅረጽም አለ። አንዷ የጥልፏን ቪዲዮ ቴሌግራም ላይ ለቀቀችው። ጥልፉ ያምራል። ከጀርባው ግን የሌላዋ ድምፅ ይሰማል፤ ስለ ባሏ እያወራች ነበር። ያን ቀን ማታ ለዘመድ አዝማድ ሁሉ ደረሰ። ያቺ ሴት ተመልሳ ለመምጣት ወራት ፈጀባት፤ ስትመጣም ለረጅም ጊዜ ስለ አየሩ እንጂ ስለ ቤቷ አላወራችም። እኛ ቤት አሁን ቡና ሲቀርብ ስልኮቹ ቡፌው ላይ ይቀመጣሉ።

የመጨረሻው ከሁሉ በላይ ያሳዝነኛል። «ሥራዬ አልገፋም» ብሎ መቅረት ነው።

በ2016 የፒያሳ ሰፈሮች ሲፈርሱ ከእኛ ሁለቱ ራቅ ወዳለ ኮንዶሚኒየም ገቡ። አንደኛዋ መምጣት አላቋረጠችም። ሌላዋ መጀመሪያ አንድ ቅዳሜ ቀረች፣ ቀጥሎ ሁለት። ስደውል «ትራስ ልብሱን እኮ አልነካሁትም፣ ምን ይዤ ልምጣ?» ትለኛለች። እኔም ሞኝ ሆኜ «እሺ፣ ስትጨርሺ ነይ» አልኳት። እንዲህ እያልን አራት ወር አለፈ። በኋላ እንደሰማሁት እናቷ አልጋ ላይ ወድቀው ነበር። ሌሊት ሌሊት ስታገላብጣቸው ነው የምታድረው፤ ኪሮሽ የምትይዝበት እጅ አልነበራትም። እኛ ደግሞ የምንጠይቃት ስለ ትራስ ልብሱ ነበር።

ለሁለት ሆነን እንጀራና ወጥ ይዘን ሄድን። እናቷን አየናቸው፣ ቡና አፈላንላት። በሚቀጥለው ቅዳሜ እህቷ ተክታት ቤት ዋለችና እሷ ሁለት ታክሲ ቀይራ መጣች። ባዶ እጇን ነበር። በሩ ላይ ስትቆም ቦርሳዋን ደረቷ ላይ እንዳቀፈችው ነው። ምንም አላልኳትም። እኔ በዚያን ሰዓት አዲስ የሹራብ ክር ልጠቀልል ነበርና እጥፉን ከፍቼ ሁለት እጆቿ ላይ አጠለቅኩላት። እሷ እጆቿን ወደ ግራና ቀኝ እያዘነበለች ክሩን ለቀቀችልኝ፣ እኔ ጠቀለልኩ። ቶናው ሲቀዳ ስለ እናቷ ማውራት ጀመረች።