ዘንባባን በግቢ ውስጥ እንዴት ተክሎ መንከባከብ ይቻላል

ዘንባባ ዛፍ ቢመስልም በተፈጥሮው ከባሕር ዛፍ ወይም ከዋንዛ ይልቅ ለሣርና ለበቆሎ ይቀርባል። እያንዳንዱ ግንድ የሚያድገው አናቱ ላይ ካለችው አንዲት እምቡጥ ብቻ ስለሆነ፣ እርሷ ከተቆረጠች ወይም ከበሰበሰች ያ ግንድ ይሞታል። ግንዱ ላይ የደረሰ ቁስልም እንደ ሌሎች ዛፎች አይሽርም።

እንደ ባሕር ዳር፣ ሐዋሳና አርባ ምንጭ ባሉ ከተሞች ግቢያቸውን ለሚያስውቡ ሰዎች የምመክረው በወንዝ ዳር የሚበቅለውን የአገራችንን ዘንባባ ነው። ከአንድ ሥር ብዙ ግንድ የሚያወጣና ሲረዝም ከ10 ሜትር ሊያልፍ የሚችል ተክል በመሆኑ ሰፊ ቦታ ይፈልጋል፤ የቅጠሉ ግርጌ እሾሃም ስለሆነም ከመተላለፊያና ከልጆች መጫወቻ መራቅ አለበት።

ችግኝ ለማፍላት የበሰለው ፍሬ ሥጋው ታጥቦ ይወገድና ዘሩ፣ ውኃው በየቀኑ እየተቀየረ፣ ለ2 ወይም ለ3 ቀን ይዘፈዘፋል። ከዚያም አሸዋ በተቀላቀለበት አፈር ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይዘራል። ብዙ ጊዜ ለመብቀል ከ1 እስከ 3 ወር ስለሚፈጅ፣ አልበቀለም ብሎ አፈሩን መድፋት አይገባም።

ተከላው ክረምቱ ሲገባ፣ በሰኔ፣ ቢሆን ይመረጣል። የጉድጓዱ ስፋት የችግኙን የሥር አፈር እጥፍ ያህል፣ ጥልቀቱ ግን ከእርሱ ያልበለጠ ይሁን። ብዙዎች ተክሉ ቀጥ ብሎ እንዲቆም በማሰብ ግንዱን ጭምር ይቀብሩታል፤ ሥሩ አየር ስለሚያጣ አዳዲሶቹ ቅጠሎች ይገረጣሉ፣ ተክሉም ቀስ በቀስ ሊሞት ይችላል። ድጋፍ ካስፈለገው እንጨት አቁሞ በለስላሳ ገመድ ማሰር ይሻላል፤ ግንዱ ላይ ሚስማር መምታት ፈጽሞ አይገባም። ውኃ በሚቋጥር ጥቁር አፈር ላይ ደግሞ ጉብታ ሠርቶ መትከል ያስፈልጋል።

በመጀመሪያው ዓመት በበጋ፣ አፈሩ በጣት ሲነካ ደረቅ በሆነ ቁጥር፣ በደንብ ይጠጣ።

ዘንባባን በብዛት የሚጎዳው ግን በቅንነት የሚደረግ መግረዝ ነው። ያረጁት ቅጠሎች ቢጫ ነጠብጣብ ይዘው ጫፋቸው ሲደርቅ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ የፖታሲየም እጥረት ነው፤ ተክሉ በዚህ ጊዜ ከአሮጌው ቅጠል ፖታሲየሙን እየሳበ አዲሱን ይመግባል። ስለዚህ ቢጫውን ቅጠል ለውበት ሲባል መቁረጥ ስንቁን መንጠቅ ነው፣ ቢጫነቱም ወደ ላይኛው ቅጠል ይሸጋገራል። ዩሪያ ብቻውን መስጠትም እጥረቱን ያባብሰዋል፤ የሚሻለው ፖታሲየምና ማግኒዚየም ያለበት ማዳበሪያ ከብስባሽ ጋር ነው። መቆረጥ ያለበት ሙሉ በሙሉ የደረቀ ቅጠል ብቻ ሲሆን፣ መጋዙም ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ከመሻገሩ በፊት በበረኪና ይጽዳ፤ በሽታ በመጋዝ ይተላለፋልና።

ለሆሳዕና ዝንጣፊ ሲወሰድም ከጎን ካሉት ቅጠሎች ጥቂት መቁረጥ ይበቃል፤ መሐል ላይ ገና ያልተፈታው ለጋ ቅጠል እምቡጧን ተጠግቶ ስለሚወጣ አይነካ።